ዝርዝሮቹን የምታለብሰዋ እታለም

ይድረስ ለምወድሽ፣ ለምናፍቅሽ፣ አንዳንዴም ለምፈራሽ ለታላቋ እህቴ ለእታለም።

እንደምን ሰንብተሻል? ከወለድሽ ወዲህ ጉልበትሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ለቀቀሽ? እንግዳው እንቅልፍ የሚባለውን ነገር ትንሽም ቢሆን ያቀምስሻል ወይስ ቤቱን በጩኸት ገዝቶታል? ባለቤትሽ ጋሼስ እንዴት ነው? አሁንም ሕፃን ሲያቅፍ የሰው ብርጭቆ እንደተዋሰ ሰው ትንፋሹን ይይዛል? ሚጣዬ በወንድሟ ቀናች ወይስ እንደ አሻንጉሊት እግሩን ይዛ ልትጎትተው ነው? የእማዬ ጉልበት ተሻለው? አባባ ለሕፃኑ ብሎ ራዲዮኑን ቀነሰ ወይስ ሕፃኑ ዜና መከታተል ጀመረ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም፤ ደህና ነኝ። እንዲያውም ዛሬ ከደህናም በላይ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን ወዲያው አልነግርሽም። ደብዳቤ ከመጨረሻው ገጽ መጀመር እንደምትወጂ አውቃለሁና እባክሽ ለዚህች አንዲት ጊዜ እንኳ ከላይ ጀምሪልኝ።

ደብዳቤሽ በደህና ደርሶኛል። ገና ሳትወልጂ ስም መርጬ ጨርሻለሁ ብዬ ስጽፍልሽ፣ ያላየኸውን ልጅ እንዴት ትሰይማለህ፣ መጥተህ ፊቱን አይተህ ነው የምታወጣለት ብለሽ ድርቅ ማለትሽ ትዝ ይለኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ጊዜ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር። አሁን ደግሞ ልጁ ተወልዶ፣ አጎቱ ሳይመጣ ስም አይወጣለትም ብለሽ ቤቱን ሁሉ ተጣልተሽ፣ እስከዚያው እንግዳው ተብሎ እየተጠራ መሆኑን ሳነብ ሳቄና እንባዬ እኩል መጡ። እማዬ ግን ነገሩ እንዳልጣማት ገብቶኛል። ልጅ እስከ መቼ ድረስ እንደ ሆቴል ደንበኛ እንግዳው ይባላል፣ ለመሆኑ ወንድምሽን እዚያ ያሰረው ምንድን ነው፣ ዝርዝር ነው የምሠራው ይላል፣ ዝርዝር መሥራት ሥራ ነው እንዴ፣ እኔ ገበያ በሄድኩ ቁጥር እሠራው የለም ወይ ብላለች አልሽኝ። ስቄ ስቄ ስጨርስ ግን አሰብኩበት፤ እስከ ዛሬ ሥራዬን በቅጡ አስረድቻችሁ አላውቅም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢላት።

የምሠራው ቴአትር ቤት ውስጥ መሆኑን ታውቃላችሁ። መድረኩን ግን በመጥረጊያ ሰዓት ካልሆነ በቀር እምብዛም አላየውም፤ ክፍሌ ምድር ቤት ነው። መስኮቴ ከመንገዱ ጋር እኩል ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ሳይ እውላለሁ። የዝናብ ቀን መሆኑን የማውቀው ሰማዩን አይቼ ሳይሆን ጫማው ጭቃ ይዞ ሲያልፍ ነው። ከራሴ በላይ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ያልፋል፤ እሱም ሆድ እንደባሰው ሰው ሲያጉረመርም ይውላል።

በዚህ ቤት ውስጥ ሁላችንም በጋራ የምንሠራበት አንድ ሶፍትዌር አለ። የአልባሳት ክፍሉም፣ የመብራት ክፍሉም፣ ዕቃ ቤቱም የየራሳቸውን ዝርዝር እዚያ ላይ ይከፍታሉ፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው በራሱ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ያየዋል። አዲስ የመድረክ ጨዋታ ሲጀመር አዲስ ዝርዝር ይከፈታል፤ የካባ ዝርዝር፣ የጎራዴ ዝርዝር፣ የጫማ ዝርዝር። ችግሩ፣ አዲስ የተከፈተ ዝርዝር ራቁቱን ነው የሚወጣው። የዕቃው መጠሪያ የሚጻፍበት አንድ ዓምድ ብቻ አለው፣ ሌላ ምንም። ማን ወሰደው፣ የት ተቀመጠ፣ መቼ ይመለሳል የሚሉትን ዓምዶች የምጨምርለት፣ ማን እንዲያየው ማን እንዲነካው የምወስንለት፣ ሰው እንዲያገኘው የፊት ገጹ ላይ የምሰቅልለት እኔ ነኝ። እማዬ፣ ያንቺ የገበያ ዝርዝር ይህን ሁሉ አይጠይቅም፤ ሽንኩርቱን ማን እንደወሰደው አንቺ ሳትጽፊም ታውቂያለሽ።

አብረውኝ የሚሠሩትን ሰዎች ላስተዋውቃችሁ። የአልባሳት ክፍሉን ኃላፊ እትዬ መርፌ እንላቸዋለን፤ ከከንፈራቸው መሃል መርፌ ጠፍቶ አይተን አናውቅም፣ ሲቆጡም በመርፌው ጎን ነው። የዕቃ ቤቱ ሹም ጋሽ ጓዝ ይባላሉ፤ ከጎራዴ እስከ ጋሪ፣ ከፕላስቲክ ዓሣ እስከ ቁም ሳጥን እሳቸው ዘንድ የሌለ ነገር የለም፣ ፍለጋው ነው እንጂ። ሥራ አስኪያጃችን ደግሞ አቶ ቆይ ናቸው። ምንም ብትጠይቂያቸው መጀመሪያ ቆይ እስኪ ይላሉ፤ እንደምን አደሩ ስትያቸው እንኳ።

ባለፈው ጨዋታ ጋሽ ጓዝ የቆብና የዘውድ ዝርዝር ከፍተው ለእኔ መንገሩን ረሱት፤ ዝርዝሩም ራቁቱን ቀረ። ዘውዱን ማን እንደወሰደው የሚጻፍበት ቦታ ስለሌለ ማንም አልጻፈም። መጋረጃው ሊከፈት ሲል ዘውዱ የለም! ንጉሡ ምን ያድርግ፣ የዳቦ ጋጋሪውን ነጭ ቆብ ደፍቶ ነገሠ። ተመልካቹ መቼም ይህ ትልቅ ምሥጢር ያለው ነገር ነው ብሎ አዳራሹን በጭብጨባ አናጋው። ዘውዱ በኋላ የተገኘው መብራት ክፍል ውስጥ ነው፤ የተቃጠለ አምፖል ማስቀመጫ ሆኖ። ከዚያ ወዲያ አቶ ቆይ፣ ማን ወሰደው የሚለው ዓምድ ባዶ ከሆነ መስመሩ እንዳይመዘገብ አድርግ ብለው አዘዙኝ፤ ስልኬም ዕረፍት አጣ። አንድ ዝርዝር በተከፈተ ቁጥር ይጮኻል፤ ስጎርስ ይጮኻል፣ ደረጃ ስወጣ ይጮኻል፣ ልክ አለበስኩት ብዬ ወገቤን ሳቀና ሌላው ይጮኻል።

እንግዳው ተወለደ የሚለው ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጥቼ ፈቃድ ጠየቅሁ። አቶ ቆይ እንደ ልማዳቸው ቆይ እስኪ ካሉ በኋላ፣ እንኳን ደስ ያለህ ብለው እጄን ጨበጡኝ፤ ከዚያ ግን ፊታቸው ጠቆረ። አዲስ ጨዋታ ልንጀምር ነው፣ ዝርዝር እንደ አሸን ሊፈላ ነው፣ አንተ ከሄድህ ማን ያለብሳቸዋል አሉኝ። ቀጥለውም፣ አንተ ሳትኖር ዝርዝሮቹ ለብሰው የሚወጡበትን ዘዴ ካገኘህ ሂድ፣ ካላገኘህ ግን ጨዋታው እስኪያበቃ ነው አሉ። ጨዋታው እስኪያበቃ ማለት እንግዳው ድሆ፣ ቆሞ፣ አፉን እስኪፈታ ማለት ነው። እኔ ስሙን ሳላወጣለት እሱ ስሜን ሊጠራኝ ነው ብዬ ደነገጥሁ።

ወደ ምድር ቤቴ ስወርድ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ጠዋት ጠዋት ለትምህርት ስንወጣ በሩ ላይ ትቆሚ ነበር። አንቺ ማንንም አትጠሪም፣ ማንም ነይ እዪኝ አይልሽም። በዚያ በር ብቅ ያለ ልጅ ሁሉ፣ የእኛም ይሁን የጎረቤት፣ ፊቱ በመሐረብሽ ይታሻል፣ የሸሚዙ ቁልፍ ይቆለፋል፣ አንገትጌው ይስተካከላል። እኔማ ሆን ብዬ ቁልፌን ሳልቆልፍ የምመጣበት ቀን ነበር። አንድ ጠዋት ደብዳቤ ሊያደርስ የመጣውን ፖስተኛ እንኳ ሳታስቢው አንገትጌውን አቃንተሽለት፣ ሰውየው ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኛ በር ሲያልፍ አንገትጌውን እየነካካ ያልፍ ነበር።

በእኛም ሙያ እንዲህ በር ላይ የሚቆም ነገር አለ፤ ኢቨንት ሃንድለር ይባላል። ስሙ አያስፈራሽ። ሶፍትዌሩ ውስጥ አንድ ነገር በሆነ ቁጥር፣ ዝርዝር ሲከፈት፣ ሲሰረዝ፣ መስመር ሲጨመርበት፣ ሶፍትዌሩ በራሱ ቋንቋ እንዲህ ሆነ ብሎ ይጣራል። ሰሚ ከሌለው ጥሪው እንዲያው ሜዳ ላይ ይቀራል። ኢቨንት ሃንድለር ማለት ለአንዱ ጥሪ ጆሮውን ሰጥቶ የሚጠብቅ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ጥሪውን ሲሰማ ተነስቶ የታዘዘውን ይሠራል፣ ከዚያ ተመልሶ ቦታው ላይ ይቀመጣል። እኔም አዲስ ዝርዝር በተከፈተ ቁጥር ተነስታ ዓምዶቹን የምትጨምር፣ ማን እንደሚያየው የምትወስን፣ የፊት ገጹ ላይ የምትሰቅል አንዲት ፕሮግራም መጻፍ ጀመርኩ። ስሟንም እታለም አልኳት። ሳላስፈቅድሽ ነውና ይቅርታ።

የመጀመሪያዋ እታለም ግን አዋረደችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሶፍትዌሩ ስለ አንድ ዝርዝር ሁለት ጊዜ ይጣራል፣ አንዴ ሊከፈት ሲል፣ አንዴ ከተከፈተ በኋላ። እኔ ችኩሉ፣ ቀድማ ብትደርስ ምን ይጎዳል ብዬ የመጀመሪያውን ጥሪ እንድትሰማ አደረግኋት። ምስኪን፣ ልብሱን ሁሉ ታቅፋ ትሄዳለች፣ የሚለብሰው ግን ገና የለም። የታለ ብላ ትጮኻለች፤ ሶፍትዌሩም ይደነግጥና ዝርዝሩን መክፈቱን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ጋሽ ጓዝ የጎራዴ ዝርዝር ልክፈት ብለው ረፋዱን ሙሉ ሲታገሉ ቆይተው፣ በመጨረሻ ላባቸውን እየጠረጉ ምድር ቤት ድረስ ወርደው፣ በእህቴ ስም እንደሰየምኳት ያውቃሉና፣ ይህች እህትህ በሩን ዘግታብናለች አሉኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ሁለተኛውን ጥሪ ብቻ እንድትሰማ አደረግኋት፤ መጀመሪያ ይከፈት፣ ከዚያ ትድረስለት። ይህን ሳስተካክል የአንቺ ቁጣ ገባኝ። እኔም ያልተወለደ ልጅ ላይ ስም ታቅፌ ስሮጥ ነበር። ያን የመረጥኩትን ስም ከዚያ ቀን ጀምሮ ትቼዋለሁ፣ ምን እንደነበርም አትጠይቂኝ።

ሁለተኛዋ እታለም ጎበዝ ወጣች። ጋሽ ጓዝ የጎራዴ ዝርዝራቸውን ከፈቱ፤ ዓይናቸው እያየ ዓምዶቹ አንድ ባንድ ተደረደሩ። አጨበጨቡ። እኔ ግን ጥጋብ አላስቀምጥ አለኝ። ለእያንዳንዱ ዝርዝር፣ ዕቃው ከዚህ በፊት በማን እጅ እንዳለፈ የሚጻፍበት ታሪክ የሚባል አንድ ጓደኛ ዝርዝር አብራ ብትከፍትለት እንዴት ያምራል አልኩ። አዘዝኳት፣ ለሙከራም የጎራዴውን ዝርዝር እንደገና አስከፈትኩና ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። አየሽ፣ ጓደኛው ዝርዝርም አዲስ ዝርዝር ነው! እታለም የጎራዴዎችን ታሪክ ከፈተች፤ ሲከፈት ጥሪ ሰማች፤ ተነስታ አለበሰችውና እሱም ጓደኛ ያስፈልገዋል ብላ የጎራዴዎችን ታሪክ ታሪክ ከፈተችለት፤ እንደገና ጥሪ ሰማች። አንቺ መቼም በር ላይ ቆመሽ ሥራ መናቅ አታውቂ፣ እሷም እንዳንቺው ናት። ሻዬን ጠጥቼ ስመለስ የፊት ገጹ ከላይ እስከ ታች የጎራዴዎች ታሪክ ታሪክ ታሪክ ታሪክ ሆኖ ጠበቀኝ፤ ስሙ ከመርዘሙ የተነሳ መጨረሻው ከስክሪኑ ወጥቶ ጠፍቷል።

ቤቱ ታመሰ። እትዬ መርፌ የካባ ዝርዝራቸውን ከታሪኩ ጫካ ውስጥ መለየት አቃታቸው። አቶ ቆይም ወርደው መጡ፤ ፈቃዴ በነነ አልኩ። ስክሪኑን አዩት፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፣ እንደገና አዩትና ቆይ እስኪ፣ የእኛ ቤት ጎራዴ ይህን ያህል ታሪክ አለው እንዴ ብለው ሳቁ። እሳቸው ሲስቁ ያየ ሰው በዚህ ቤት አልነበረም። ትንሽ ሳል ይመስላል፣ ግን ሳቅ ነው። እኔም ፈጥኜ እታለምን አስቆምኳት፣ ታሪኩን ሁሉ ሰረዝኩ፣ ስትመለስም በገዛ እጅሽ የከፈትሽውን ዝርዝር አትንኪ የሚል አንድ መስመር ጨመርኩላት። ጓደኛ የመክፈቱን ነገር ግን እርም ብያለሁ።

ከዚያ አቶ ቆይ ፈተና ሰጡኝ። ለአዲሱ ጨዋታ የሚከፈተውን ዝርዝር ሁሉ እጄን ሳላስገባ ዝም ብዬ እንድመለከት፣ አንዱ እንኳ ራቁቱን ከወጣ ግን ፈቃዱ እንደማይኖር ነገሩኝ። እታለም፣ ከዚያ የከበደ ሥራ ሠርቼ አላውቅም! ወንበሬ ላይ ተቀምጬ እጆቼን ጭኔ ሥር ከተትኩ። ካባ ተከፈተ፣ ለበሰ። ጫማ ተከፈተ፣ ለበሰ። ፋኖስ፣ መጋረጃ፣ ጢም፣ አዎ የጢም ዝርዝር አለን፣ ሁሉም ሙሉ ልብሱን ለብሶ ፊት ገጹ ላይ ተሰለፈ። ስልኬ ዝም አለ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ትንሽ ቆይቶ ግን የተረሳሁ መሰለኝና ተበሳጨሁ። ወዲያው ሲጮህ ዘልዬ አነሳሁት። እትዬ መርፌ ናቸው፤ ምን ተበላሸ ስላቸው ምንም አልተበላሸም፣ ዝርዝር ስከፍት እጄ ለምዶ ደወለ አሉኝ። ከዚያ በመርፌያቸው ጎን፣ ለመሆኑ ይህች እታለም የምትሏት ማን ናት ብለው ጠየቁኝ። በር ላይ መቆምሽን፣ ቁልፉን፣ ፖስተኛውን፣ አሁን መውለድሽን፣ ልጁም እኔን እየጠበቀ ስም አልባ መሆኑን ሁሉ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ስልኩን ዘጉት፤ ሰላም ሳይሉ መዝጋት ልማዳቸው ነው።

አሁን ወደ ምሥራቹ መጣን። ዛሬ ጠዋት አቶ ቆይ አስጠሩኝ። ገና ስገባ ቆይ እስኪ ሳይሉ፣ ፈቃድህ ተፈርሟል አሉኝ! እየመጣሁ ነው፣ እታለም! የወሩ መጨረሻ ላይ እነሳለሁ፤ ሻንጣዬ ግን ከአሁኑ በሩ ላይ ቆሟል፣ ስገባ ስወጣ እየመታኝ ነው። እማዬ፣ ልጁ ከእንግዲህ የሆቴል ደንበኛ አይደለም።

በዚህ አላበቃም። ከአቶ ቆይ ቢሮ ወጥቼ ደረጃውን ስወርድ እትዬ መርፌ ከላይ ሆነው ተጣሩ፤ እህትህ አላሳልፍ ብላኛለች፣ ና አሉኝ። ወደ አልባሳት ክፍሉ ስገባ ጋሽ ጓዝም እዚያው ቆመው ይሳሳቃሉ። ጠረጴዛው ላይ፣ ከንጉሡ ካባ በተረፈው ቀይ ከፋይ የተሰፋች፣ ሁለት መዳፌ የምትሸፍናት ትንሽ ካባ ተዘርግታለች፤ ቁልፎቿ ከጋሽ ጓዝ ዕቃ ቤት የወጡ የጄኔራል ቁልፎች ናቸው። ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግሁ። እትዬ መርፌ ግን ለእንባ ጊዜ የላቸውም፤ ከዚህ ክፍል ያለ ዝርዝር አንዲት ክር አትወጣም ብለው ለካባዋ አዲስ ዝርዝር ከፍተውላታል። እታለምም እንደ ወጓ ተነስታ ዓምዶቿን ደርድራለች። ማን ወሰደው የሚለው ላይ ሲደርሱ ነው ሥራው የቆመው፤ ያለ ስም አይመዘገብም። ስሙን ንገረኝ አሉኝ። ልጁን ገና አላየሁትም፣ ሳላየው ስም አላወጣም አልኳቸው። አንቺ ያለ እኔ ስም አይወጣም ብለሽ፣ ያቺኛዋ ያለ ስም አላሳልፍም ብላ፣ በሁለት እታለሞች መሃል ቆሜ ቀረሁ። ሦስታችንም ሳቅን። በመጨረሻ እትዬ መርፌ እንግዳው ብለው ጻፉና አለፈላቸው። መቼ ይመለሳል በሚለው ዓምድ ላይ ደግሞ ማንንም ሳያማክሩ፣ አይመለስም ብለው ጻፉ።

ስሙን አውጥተንለት ስመለስ እንግዳው የሚለውን አስተካክላለሁ። ስመጣ ደግሞ አንቺ ለልጁ አንዲት ነገር አድርጊለት፤ ካባዋን የማለብሰው እኔ ነኝ፣ ቁልፎቹን የምትቆልፊው ግን አንቺ ነሽ፣ በሩ ላይ።

አባባን፣ ስመጣ የምንከራከርበት ዜና አጠራቅም በይልኝ። እማዬን፣ ጉልበቷ ላይ የምትቀባውን ቅባት ይዤላት እየመጣሁ ነውና በር ድረስ ልቀበልህ ብላ እንዳትነሳ፣ ተቀምጣ ትሳመኝ በያት። ጋሼን፣ ትንፋሹን ይልቀቅ፣ ሕፃን አይሰበርም በይው። ሚጣዬን፣ የፕላስቲኳ ዓሣ ከጋሽ ጓዝ ተለምና ሻንጣዬ ውስጥ ገብታለች፣ የሕፃን እግር መጎተት ካቆምሽ ያንቺ ናት በያት። ጎረቤቶቻችንን ሁሉ፣ አንገትጌአቸውን አስተካክለው ይጠብቁኝ በያቸው። እንግዳውን ደግሞ ግንባሩን ሳሚልኝ። አይ፣ ተይው። ራሴ እስመዋለሁ።

ሁልጊዜም የሚወድሽ፣ ቁልፉን ዛሬም መቆለፍ የሚረሳው ታናሽ ወንድምሽ።

ከቴአትር ቤቱ ምድር ቤት፣ ጫማ ከሚታይበት መስኮት ሥር፣ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ።